የጥር ሃያ ባለቤቶች

እጅጉ አንድ ቀን ለማግኘት ሃያ ዓመት ጠበቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍሉ ተቀምጦ የሰው ሬዲዮና ቴፕ ሲፈታ፣ ሲበይድ፣ መልሶ ሲገጥም፣ አላፊ አግዳሚው «ያ አዝማሪ» ከማለት በቀር ሌላ ስም አልሰጠውም። የንጋት ኪነት ቡድን መሪ ነበርሁ፣ በዚህ አገር አኮርዲዮን የሚባል ነገር መጀመሪያ ያሰማሁ እኔ ነኝ ቢል ማን ሊሰማው! ደርግ ሳለ ፈርተው ያጨበጨቡለት ሰዎች ደርግ ሲወድቅ ሳይፈሩ ናቁት። ትልቋን ልጁን ሊያጩ የመጡ የቡሬ ካህን ቤተሰቦች እንኳ አባቷ ማን እንደሆነ ሲሰሙ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። እጅጉ ያን የተጋመሰ ጠላ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ የከተማው ሰዎች «ለአገራችን ባንድ በየዓመቱ የሚከበር የመታሰቢያ ቀን ይሰየም» ብለው ኮሚቴ ሲያቋቁሙ፣ እጅጉ የጥሪውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበበው። አራተኛውን ለሚስቱ ጮክ ብሎ አነበበላት። ደብዳቤው ላይ «ኪነት ቡድን» የሚለው ቀርቶ «ባንድ» ተብሏል። ኪነት ደርግ ደርግ ይሸታላ! ስም መለወጥ እኛ አገር ሸሚዝ ከመለወጥ ይቀላል።

የኮሚቴው ጸሐፊ ናሁሰናይ የሚባል፣ ከረባት የሚወድ ወጣት ነበር። ደርግ ሲወድቅ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ስለነበር፣ ስለ ንጋት የሚያውቀው እጅጉ የነገረውን ብቻ ነው።

«አያ እጅጉ፣ ሁሉም ነገር አልቋል፤ የቀረን ቀኑ ነው» አለው። «ባንዱ መቼ ነው የተመሠረተው?»

የተመሠረተበትን ቀን የሚያውቅ የለም። በአንድ ስብሰባ ላይ «ተመሥርታችኋል» ተባሉ፤ በቃ። እጅጉ ግን ቤቱ ሄዶ ሳጥኑን ከፈተና አንድ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። ጥቁርና ነጭ ነው። በጭነት መኪና ላይ በተሠራ መድረክ ዳር፣ ያኔ ቀጭን ወጣት የነበረው እጅጉ አኮርዲዮኑን ታቅፎ ቆሟል። ከመድረኩ ሥር ያለው ሕዝብ ለጉድ ነው፤ መሬት አይታይም። በጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዝግባ ገበያ፣ ጥር 20 ቀን 1981 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል።

ዝግባ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለች የገጠር ገበያ ናት። ጥር ሃያ ደግሞ የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ነው። እህሉ ከጎተራ ገብቷል፣ ሠርጉ ደርቷል፣ ጎረምሳው ሁሉ የታጠበ ልብሱን ለብሶ ገበያ ይወጣል።

«እንዲህ ያለ ሕዝብ ከዚያ ወዲህ አይቼ አላውቅም» አለ እጅጉ። «አልጠግብ ብሎ አንዱን ዘፈን አራት ጊዜ ነው ያስደገመን።»

ናሁሰናይ ጠረጴዛውን መታ። «ይኼው ቀኑ! ሃያኛ ዓመቱም ዘንድሮ ይሞላል!»

ቀኑ በጭብጨባ ጸደቀ። ፎቶውም ባሕር ዳር ተልኮ በትልቅ ባነር ላይ እንዲታተም ተወሰነ። ያን ቀን ዝግባ ገበያ ላይ ሌላ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ መልሱን የሚያውቀው እጅጉም ዝም አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እጅጉ ግን አልረሳም ነበር፤ የረሳ መስሎ መቀመጡ ነው የባሰው።

ጥር ሲብት በዓሉ በየገበያው በድምፅ ማጉያ ይለፈፍ ጀመር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ረዥም አሮጊት ከእጅጉ ደጅ መጥተው ቆሙ። ከዝግባ በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ አቧራው እስከ ባታቸው ደርሷል።

«ያን ወናፍ ስትለጥጥ የነበርኸው አንተ ነህ?» አሉት።

አኮርዲዮኑን ከቀጥቃጭ ወናፍ ጋር ያገናኘበት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ነገሩ ለስድብ እንደ መጣ ገባው፤ ቢሆንም ከወንበሩ ተነሣ።

«እኔ ነኝ እናቴ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። እናቴም አትበለኝ። እናቴ የሚለኝ ነበረኝ፤ አንተ በቆምህበት ነው የሄደብኝ። ወለተ ጊዮርጊስ እባላለሁ። የቢሆነኝ እናት።»

እጅጉ ቢሆነኝ የሚባል ሰው አያውቅም። ዝግባን ግን ያውቃል። በእጁ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ያን ቀን እናንተ ስትዘፍኑ ገበያው ተከበበ» አሉ ወለተ ጊዮርጊስ። «ከእኛ ደብር ብቻ አሥራ አንድ ልጅ ለጦርነት ተብሎ እንደ ከብት ተጫነ። ደርግ ሲወድቅ የሰው ልጅ ሁሉ እየለመነም ቢሆን በእግሩ መጣ፤ የእኛዎቹ አልመጡም። ሁለት ዓመት ጠበቅን። ሞተዋል የሚል የለ፣ አሉ የሚል የለ። ኋላ መምሬ ሃይለ ሚካኤል "ፍትሐት ይደረግላቸው እንጂ ልጆቼ፤ ግን ተዝካሩ ከየትኛው ቀን ይቆጠር?" አሉን። የሞቱበትን ማን ይንገረን? ባይናችን ያየናቸውን የመጨረሻውን ቀን ሰጠናቸው። ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት፣ ጥር ሃያ በመጣ ቁጥር ንፍሮ ቀቅለን፣ ዳቦ ቆርሰን እናስባቸዋለን። መቃብር የላቸው፣ ሐውልት የላቸው። ያለቻቸው ያች ቀን ናት።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ቀኑን መልስልኝ።»

እጅጉ ሊያዝን ይችል ነበር። ልቡ ጥቂት ዘንበል ብሎም ነበር። ነገር ግን ያ የተጋመሰ ጠላ ትዝ አለው፤ ያ ሁሉ «አዝማሪ» የሚል አፍ ትዝ አለው። አሁን ገና ሰው ሊሆን ሲል ይቺ ሴትዮ ከየት መጣች? ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ።

«የወሰነው ኮሚቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ዓመቱ ደግሞ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን አለው፤ እናንተው ሌላ ቀን አስቡ። ሙት ለቀን ምን ገዶት!»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ሦስት መቶ ስልሳ አራት ይቀርሃል። እኔ ያለችኝ አንድ ናት።»

ሊሄዱ ዞረው እንደ ገና ተመለሱ። አሁን ድምፃቸው ተለውጦ ነበር፤ የሚጣላ ሰው ሳይሆን ለረዥም ጊዜ አንድ ነገር ሲያብሰለስል የኖረ ሰው ድምፅ ሆነ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቢሆነኝ ጨው ገዝቼ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ እመለሳለሁ ብሎኝ ነው የሄደ። ቃሉን የሚያጥፍ ልጅ አልነበረም። አብረውት የወጡት ሁለቱ በጊዜ ተመልሰው ተረፉ፤ እሱ ቀረ። ምን አስቀረው? ሃያ ዓመት ሳስበው አልገባኝም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ተጫዋች ነኝ።»

«ተጫወት እንግዲያ» አሉና ከደጁ ላይ ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። «ጥር ሃያ ግን እኛም እንመጣለን።»

እጅጉ ናሁሰናይ ዘንድ ሄደ። ቀኑን ሊያስለውጥ ነው የሄደው እንዳትሉ፤ «አይለወጥም» መባልን ሽቶ ነው የሄደው። ናሁሰናይ ወሬውን ሰምቶ ከረባቱን ላላ አደረገ።

«አያ እጅጉ፣ ያ ገበያ የአፈሳ ገበያ ነበር ማለት ነው? ለምን አልነገሩኝም?»

«አላስታወስሁትም።»

ናሁሰናይ ዓይኑን አጥብቦ አየው። ልጅ ቢሆንም ሞኝ አልነበረም። «ባነሩ ታትሞ መጥቷል። ከባሕር ዳር እንግዶች ተጠርተዋል። ደግሞስ ልጆቹ የማን ወታደር ሆነው ነው የሞቱት? የደርግ አይደለም? የደርግ ወታደር ስም መድረክ ላይ ጠርቼ እንጀራዬን ላጣ?» ከዚያ ደብተሩን ገጠመ። «እስካሁን ካላስታወሱት፣ አሁንም አያስታውሱት።»

እጅጉ የፈለገውን ይዞ ወጣ። ይሁን እንጂ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር አልነሣ አለው፤ «ምን አስቀረው?» የሚለው ጥያቄ ነበር። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቡሬ ሄደ። ከንጋት ዘፋኞች በሕይወት ያለችው ካሰች ብቻ ናት። እሷ ከጎኑ ከቆመች የአሮጊቷ ነገር እንደሚቀለው ተስፋ አደረገ።

ካሰች የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ምግብ ቤት አላት። እጅጉ ሲገባ ከጓዳው በር ላይ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቀና ብላ አይታው መክተፏን ቀጠለች።

«የክብር እንግዳ ነሽ» አላት። «ካባ ያለብሱሻል። "ተመለስ"ን ብቻ ብትዘፍኚልን ይበቃል።»

«የቱ ቀን ነው ያልኸኝ?»

«ጥር ሃያ።»

ቢላዋው ቆመ። «ቀኑን ማን መረጠ?»

«ኮሚቴው።»

«ፎቶውን ማን ሰጠ?»

እጅጉ ወደ ሾፌሮቹ ዞር ብሎ ተመለከተ። ካሰች ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ሦስት ዘፈን ነበር የተያዘልን። ሦስቱንም ዘፈንሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ከመኪናው ልወርድ ስል ክንዴን ይዘህ "ተመለስን ድገሚው፣ ሕዝቡ ወዷል" አልኸኝ። ሕዝቡ እኮ እየተበተነ ነበር፣ እጅጉ! ጨውና በርበሬውን ይዞ መንገድ ጀምሮ ነበር። እኔ ስጮህ ተመለሰ። አራት ጊዜ አስደገምኸኝ። በአራተኛው መኪኖቹ ደረሱ።»

«ታዝዤ ነው!» እጅጉ ሳያስበው ጮኸ፤ ሁለት ሾፌሮች ዞር ብለው አዩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአፈሳው አዛዥ ሻምበል መኪኖቹ ዘግይተዋል፣ ግማሽ ሰዓት ያዝልኝ አለኝ። አለዚያ በእነሱ ፈንታ እናንተን ጭኜ እሄዳለሁ አለኝ። አንቺንም ያተረፍሁሽ እኔ ነኝ።»

«እኔን ጠይቀኸኝ ነበር?»

እጅጉ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ።

«ስዘፍን ዘወር ብዬ አየሁህ» አለች ካሰች። «እኔን አታይም፤ ሕዝቡንም አታይም። ዓይንህ መንገዱ ላይ ነበር። ምን እያየ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ መኪና እየጠበቅህ ኖሯል። እኔ ዘፋኝ ነኝ ብዬ፣ ለካ ከብት መጥሪያ ጨው ኖሬያለሁ! ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄን እንኳ እሹሩሩ ብዬ አላስተኛሁም። እንኳን ለአንተ ካባ።» ቢላዋውን መልሳ አነሣች። «ሂድ ውጣ። ድንገት የመጣሁ እንደሆነም ማይክራፎኑን እንዳትሰጡኝ።»

በመልሱ መንገድ ሚኒባሱ ዝግባ መገንጠያ ጋ ሲደርስ እጅጉ ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት አዞረ። ባይሆን በሌላ ቀን ይታፈሱ አልነበር? ቤታቸው ድረስ ሄደው ያወጧቸው አልነበር? እኔ እንቢ ብል ሌላ ሰው አያገኙም ነበር? እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ፤ ዳኛውም ጠበቃውም እሱ ስለነበር ረታ። ፍኖተ ሰላም ሲወርድ በካሰች ላይ ያለው ቂም ብቻ ቀርቶት ነበር። ምቀኛ ናት አለ፤ ስሜ ሲነሣ ደም ይፈላባታል አለ።

ጥር ሃያ ረቡዕ ዋለ። የኳስ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ተማሪው ተሰልፎ መጣ። ባነሩ ከመድረኩ ጎን በሁለት ረዣዥም የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች መካከል ተወጠረ። ከላይ በቀይ ቀለም «ጥር 20 የንጋት ባንድ ቀን» ይላል። ከሥሩ ያ ፎቶ፣ እያንዳንዱ ፊት የሰሐን ያህል ሆኖ ተዘርግቷል። እጅጉ ካባ ደርቦ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠ። ልጁን ሊያጩ መጥተው ጠላውን ሳይጨርሱ የሄዱት የካህኑ ቤተሰቦች ከሦስት ወንበር ኋላ እንደተቀመጡ ቆጥሮ አረጋግጧል። ሆዱ ቂቤ ጠጣ።

እንግዶቹ ንግግር ሳይጀምሩ ሰባት ሴቶች በበሩ ገቡ። ከአሥራ አንዱ እናቶች በሕይወት ያሉት እነሱ ናቸው። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ እያንዳንዳቸው ቅርጫት አንግበዋል። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «እናቶች፣ ምንድን ነው?» ቢላቸው፣ ወለተ ጊዮርጊስ «ዝክር ነው ልጄ» አሉት። ዝክር የያዘን ሰው የሚመልስ ጎጃሜ የለም፤ ጥበቃው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አዛውሮ ሁለት እጁን ዘረጋ። ንፍሮ ተሰፈረለት። «ነፍስ ይማር» አለ።

ሴቶቹ በየረድፉ እየዞሩ ያድሉ ጀመር። ተማሪው ይቀበላል፣ ነፍስ ይማር ይላል፤ የማን ነፍስ እንደሆነ አይጠይቅም። የባሕር ዳር እንግዶችም ተቀበሉ። ናሁሰናይ የፕሮግራሙን ወረቀት ብብቱ ሥር ሸጉጦ ዳቦ ቆረሰ። የካህኑ ቤተሰቦች ተነሥተው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ።

ወለተ ጊዮርጊስ እጅጉ ፊት ሲደርሱ፣ እጅጉም እንደ ሰው እጁን ዘረጋ። አሮጊቷ ቅርጫታቸውን ከፍ አድርገው አልፈውት ሄዱ።

ዝክር ለጠላትም አይከለከልም። ለለማኝ፣ ለእብድ፣ ለመንገደኛ፣ ለአጥር ዘላይ ውሻ እንኳ ቁራሹ ይወረወራል። እጅጉ ግን በሕዝብ ፊት፣ ካባ እንደ ደረበ፣ ሁለት ባዶ እጁን ዘርግቶ ቀረ። ከኋላው ያሉት አዩ። ሚስቱም አየች። እጁን ሲሰበስብ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ካባው ሥር ደበቀው።

ሴቶቹ አድለው ሲጨርሱ ወደ ባነሩ ሄዱ። ከፊቱ ተደርድረው ቆመው፣ «ቀናችንን ሰረቃችሁን» ብለው ሊያወግዙ ነበር የመጡት፤ የመከሩትም ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ወለተ ኢየሱስ የምትባለው የመጀመሪያዋ ሴት ቀና ብላ ስታይ የያዘችው ቅርጫት ከእጇ ወደቀ።

«ዘሩ!» አለች። «ዘሩዬ! ልጄ!»

በዚያን ጊዜ ከገጠር ሰው ማን ፎቶ ተነሥቶ ያውቃል? ሰባቱም እናቶች ከልጆቻቸው አንድ መልክ አልቀረላቸውም ነበር፤ ሃያ ዓመት ከዓይናቸው ላይ እየደበዘዘ፣ በመጨረሻም አፍንጫው እንዴት ነበር፣ ግንባሩ እንዴት ነበር እያሉ እርስ በርስ እስከ መጠያየቅ ደርሰው ነበር። አሁን ልጆቻቸው እንደ ሄዱ ሆነው ከፊታቸው ቆመዋል። አንዷ ፕላስቲኩን በመዳፏ ትደባብሳለች። ሌላዋ ጉንጯን ለጥፋለች። የመጡበትን ጠብ ሁሉም ረሱት።

ወለተ ጊዮርጊስ ግን ገና አላገኙም። ከአንዱ ምሰሶ ጀምረው ፊት በፊት እየመረመሩ ተጓዙ። መጨረሻው ጥግ ላይ ደርሰው ቆሙ።

እጅጉም አየ። ያን ፎቶ ሃያ ዓመት ሲያየው የኖረ ሰው፣ የሚያየው የራሱን ቁመናና የሕዝቡን ብዛት ብቻ ነበር። አሁን ተልቆ ሲሰቀል ሌላ ነገር ወጣ። በፎቶው ውስጥ ያለው እጅጉ ሕዝቡን አያይም። አንገቱን አስግጎ፣ ዓይኑን አፍጦ፣ ወደ መንገዱ ያያል። ካሰች ያለችው እውነት ነው፤ ለሁሉ እንዲታይ ሆኖ ታትሟል። በዚያኛው ጥግ ደግሞ ከሕዝቡ የወጣ አንድ ጎረምሳ አለ። ዱላውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ የጨው ቋጠሮውን ይዞ፣ እግሩ ወደ አገሩ አቅጣጫ ተራምዷል። ፊቱ ብቻ ወደ መድረኩ ዞሮ ፈገግ ብሏል።

ናሁሰናይ ማይክራፎኑን ያዘ። የሴቶቹ ግርግር ፕሮግራሙን እንዳያበላሽበት ቸኩሏል። «አሁን አንጋፋው የጥበብ ሰው አያ እጅጉ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት በዛሬዋ ዕለት ሕዝቡ አልጠግብ ብሎ አራት ጊዜ ያስደገመውን "ተመለስ" የተሰኘ ዘፈን ያቀርቡልናል!» አለ። አዲሱ ባንድ በኪቦርድ መግቢያውን ጀመረ፤ አንዲት ልጅ በካሰች ፈንታ ዘፈነች።

*እግርህ ቢቸኩልም ልብህን አትርሳው፣*
*ተመለስ ከመንገድ ቃል አለኝ የማወሳው።*

እጅጉ መድረኩ ላይ ወጥቷል፤ አኮርዲዮኑ ደረቱ ላይ ነው፤ ወናፉን ግን አልለጠጠም። ወለተ ጊዮርጊስ ዘፈኑን ሰሙ። ወደ ልጃቸው ፊት ተመለከቱ፤ ወደ ተራመደው እግሩ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ መድረኩ ሥር መጥተው ቀና አሉ። ልጅቱ ደንግጣ ዘፈኗን አቆመች።

«ይህ ልጅ ወዴት እየሄደ ነበር?» አሉት።

እጅጉ ወደ ናሁሰናይ ዞረ።

«ንገረኝ እንጂ። እየሄደ ነበር። ማን መለሰው?»

እጅጉ በሕዝቡ ላይ ዓይኑን ጣለ። ጎረምሶች ናቸው፤ የታጠበ ሸሚዝ የለበሱ፣ እጃቸው ላይ ያለውን ንፍሮ የሚቆረጥሙ፣ አዲስ ዘፈን የሚጠብቁ። ሚኒባሱ ውስጥ ለራሱ የፈረደው ዳኛ የት እንደ ገባ አልታወቀም። ማይክራፎኑን ከልጅቱ እጅ ቀማ።

«ሂዱ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ በሞንታርቦው ሜዳውን ሞላው። «ወደየቤታችሁ ሂዱ! መኪና እየመጣ ነው! አትመለሱ፣ ሂዱ!»

ጎረምሶቹ ተያዩ። የትዕይንቱ አካል መሰላቸው። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሜዳው በፉጨትና በጭብጨባ ተናወጠ።

«ይደገም!» አሉ። «ይደገም! ይደገም!»

ወለተ ጊዮርጊስ አላጨበጨቡም፣ አላለቀሱምም። «ታውቅ ነበር» አሉት። ሕዝቡ እየጮኸ ስለነበር የሰማቸው እሱ ብቻ ነው።

«አውቅ ነበር» አለ እጅጉ።

አሮጊቷ ራሳቸውን አንድ ጊዜ ነቀነቁ። አልተራገሙትም፤ ይቅር ይበልህም አላሉትም። ጀርባቸውን ሰጥተውት ወደ ባነሩ ተመለሱና በምሰሶው ላይ የታሰረውን ሲባጎ ይፈቱ ጀመር። ስድስቱ ሴቶችም መጥተው ያዙ። ናሁሰናይ «የመንግሥት ንብረት ነው!» እያለ ሮጠ፤ ቅድም ንፍሮ የተቀበለው ጥበቃም ከኋላው ደረሰ። ባነሩ ግን ወርዶ፣ «የንጋት ባንድ ቀን» የሚለው ጽሑፍ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ በሴቶቹ ትከሻ ላይ ውሏል።

«እናቴ፣ ያስቀምጡት» አለ ጥበቃው። «ወዴት ሊወስዱት ነው?»

ወለተ ጊዮርጊስ ጥቅሉን በትከሻቸው አመቻቹ። ከኋላቸው አሁንም «ይደገም» ይባላል።

«ዞር በልልኝ ልጄ» አሉት። «ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር።»